ላቬንደሩን ማሩ ዋጠው

ዣን ፖል ጎልቲዬ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው «ለ ማል ኤሊክሲር» የተባለው የወንዶች ሽቶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚሸተው ላቬንደሩ ነው፤ ከናና ጋር ሆኖ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ፀሐይ ላይ እንደደረቀ ሸሚዝ ንጹሕ ሆኖ። በጣም ደስ ይላል። ግን ብዙም ሳይቆይ ቫኒላው፣ ማሩ፣ የቶንካ ፍሬውና ትምባሆው ተከታትለው ይመጡና ይሸፍኑታል። ማታ ላይ ክንዴን ሳሸት የቀረው ጣፋጩ ብቻ ነበር። ላቬንደር ለሚወድ ሰው ይህ ያሳዝናል።

እርግጥ ላቬንደር ብቻውን አይቆይም። ሽታውን የሚሰጡት ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት ቶሎ የሚተኑ ናቸውና ቀማሚው ከሥር ሆኖ የሚይዝለት ከበድ ያለ ነገር ያስፈልገዋል። ፖል ፓርኬ በ1882 ለሽቶ አምራቹ ኡቢጋን «ፉዤር ሩዋያል»ን ሲቀምም ላቬንደሩን ኩማሪን በተባለ መዓዛማ ውህድና በኦክ ዛፍ ሽበት አጸናው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ስንትና ስንት የወንድ ሽቶ የተወለደው ከዚያ ቅመራ ነው። ኤርኔስት ዳልትሮፍ ደግሞ በ1934 ካሮን በተባለው ሽቶ አምራች «ፑር አን ኦም» ላቬንደርን ከቫኒላ ጋር አጋባው። የእኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቫኒላው ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ላቬንደሩን ደግፎት ይሄዳል እንጂ አይጫነውም። ፍራንሲስ ኩርክጂያን በ1995 የቀመመው የመጀመሪያው «ለ ማል» እንኳ፣ ያ ሁሉ ጣፋጭነት እያለው፣ ላቬንደሩን አልቀበረውም።

የዛሬ ሽቶ አምራቾች ወንድ ሁሉ ከረሜላ መሽተት የሚፈልግ ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም፤ በተለይ በእኛ አገር። ላቬንደር የበሶብላ፣ የጦስኝና የጥብስ ቅጠል ዘመድ ነው፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ያ ሊናሎል ደግሞ ድምብላል ሲወቀጥ ቤቱን የሚያውደው ዋናው ነገር ነው። እናቱ በርበሬ ስታዘጋጅ ያደገ ሰው አፍንጫው ቅጠልና ቅመም ለይቶ ያውቃል፤ መራራውንም፣ ቀዝቃዛውንም ይወዳል። ስኳር ካልተነሰነሰበት አይገዛም ብሎ መገመት እሱን አለማወቅ ነው።

የኤሊክሲር ቀማሚ ኬንታን ቢሽ ችሎታው አያጠያይቅም። ማሩና ትምባሆው የተዋሐዱበት መንገድ ያስደንቃል፤ በሐምሌ ብርድ፣ ለምሽት ግብዣ፣ ያሞቃል። መስኮቱ በተዘጋ ታክሲ ውስጥ ግን ለጎረቤት ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ መርጨት ከበቂ በላይ ነው። ሊገዛ ያሰበ ሰው ሽቶ ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ አሽትቶ አይወስን። እጁ ላይ ያስረጭ፣ ወጥቶ ሥራውን ይሥራ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ያሽትት፤ ውሎ የሚያድረው ያ ሽታ ነውና። ጣፋጩን ከወደደው ይግዛው። ላቬንደሩን ፈልጎ ከሆነ የመጣው፣ ዘጠና ዓመት ያለፈውን የካሮንን ጠርሙስ ይጠይቅ፤ ለቢሮም ለሠርግም ይሆናል።