ራያን ማን ጠየቀው?

ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ለሻይ ቤቷ ባለቤት ያሳያሉ። ከዋጃ በኩል ነው የመጡት። ልጃቸው ትምህርት ቤት ሊቀይር መሸኛ ተጠይቋል። መሸኛው አለ፤ ማኅተምም አለው። ችግሩ ማኅተሙ ነው። «አንዱ ቢሮ ‹ይኼ ማኅተም እኛ ዘንድ አይሠራም› አለኝ፤ ሌላው ‹ያሉሽ ቦታ ሂጂ› አለኝ። እኔ እንግዲህ የማን ነኝ?» አሉ። ባለቤቷ ሻዩን እየቀዳች «እማማ፣ የራያ ነዎታ! ሌላ የማን ይሆናሉ?» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ምክንያቱም «የማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ራያ ቆላ ላይ ጨዋታ አይደለም። መታወቂያ ነው፣ የመምህር ደመወዝ ነው፣ የፍርድ ቤት ፋይል ነው፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የሞተበት ጥያቄ ነው።

አገሩን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ከቆቦ ተነስታችሁ በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ መካከሉ ሜዳ ነው። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ለም ሜዳ። ጎብዬና ሮቢትን ከኋላ፣ ዋጃና ጥሙጋን ከፊት አድርጋችሁ አላማጣ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ግራካሶን ወጥታችሁ ኮረም። ከዋጃ ወዲህም ወዲያም ማሽላው ያው ነው፣ ጭፈራው ያው ነው፣ ጋብቻው የተሳሰረ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አባት በአማርኛ ጀምሮ እናት በትግርኛ ስትመልስ፣ አያት ደግሞ የኦሮምኛ ቃል ጣል ሲያደርጉ ብትሰሙ አትደነቁ። ራያ እንዲህ ነው።

በንጉሡም በደርግም ዘመን «ራያና ቆቦ» የሚባል አውራጃ ነበር፤ በወሎ ሥር። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎችን ሲያዋቅር ቆቦ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ውስጥ ቀረ፤ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ተካለሉ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. ነው። መስመሩ ከሕጉ ቀደመ ማለት ነው።

አንዱ ወገን «ያኔ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ተወሰደ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ «ከ1935ቱ የወያነ አመፅ በኋላ ራያና አዘቦ መሬቱን ተቀምቶ፣ ወሰኑም ለቅጣት ተለውጦ የለም ወይ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚቆጥሩበት ዓመት አላቸው። እኔ የታሪክ ዳኛ አይደለሁም። ግን በሁለቱም ክርክር ውስጥ አንድ የሚገጥም ነገር አያለሁ፤ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም መንግሥት፣ ማሳው ላይ የቆመውን ገበሬ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም።

ያለመጠየቅ ዋጋው ምን እንደሆነ ደግሞ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. አላማጣ ላይ የማንነት ጥያቄ ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ፍሬውን ሳናይ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። ቆቦ በጦርነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በጳጉሜን 2013 የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን በያዙበት ጊዜ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሪፖርቱ አስፍሯል። ከአላማጣና ከአካባቢው ወደ ሰሜን የተሰደደ ትግርኛ ተናጋሪም አለ፤ ቤቱ የተዘጋ፣ ማሳው በሌላ እጅ የታረሰ። በሚያዝያ 2016 ደግሞ አላማጣና ኦፍላ ዳግመኛ ተኩስ ተሰማ፤ ከ50 ሺህ በላይ ሰው መፈናቀሉን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገለጸ፤ አብዛኛው የመጣው ወደ ቆቦ ነው። ቆቦ ራሷ ቁስሏ ሳይሽር፣ በክልሉ በተነሳው ግጭት እየተናጠች፣ እንግዳ ተቀበለች።

አሁን ወደ ሌላው ዓለም ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ከቆቦ የራቀ ቢመስልም።

በዓለም ላይ ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ያልሆኑ፣ የሚያስተዳድራቸው አገርም ሙሉ አካል ያልሆኑ ግዛቶች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ራሳቸውን በራሳቸው የማያስተዳድሩ ብሎ የመዘገባቸው ብቻ 17 ናቸው፤ ከዚህ መዝገብ ውጭ ያሉም ብዙ ናቸው። ራያ ቅኝ ግዛት ነው ማለቴ አይደለም፤ አይደለምም። የማነጻጽረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይቋጭ ሰው እንዴት ይተዳደራል?

ፖርቶ ሪኮን ውሰዱ። ከ1898 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ናት። ሕዝቧ ከ1917 ወዲህ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ እስከኖረ ድረስ ግን ፕሬዚዳንት አይመርጥም፤ ኮንግረስ የሚልከው ተወካይም በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ድምፅ የለውም። ይኼ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም እላለሁ። ሆኖም አንድ የፖርቶ ሪኮ እናት የልጇን መሸኛ የትኛው ቢሮ እንደሚያትምላት ታውቃለች። ገዥዋን ትመርጣለች፤ ፍርድ ቤቷን ታውቃለች። ባለቤትነቱ አከራካሪ ቢሆንም አስተዳደሩ በጽሑፍ ያለ ነው።

ቶከላውን ደግሞ እዩ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ሦስት ጥቃቅን ደሴቶች፣ 1,500 የሚሆን ሰው፤ በኒውዚላንድ ሥር። የመንግሥታቸው መሪነት በየዓመቱ ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል። በ2006 እና በ2007 (እ.ኤ.አ.) ኒውዚላንድ በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢነት «ራሳችሁን በራሳችሁ ልታስተዳድሩ ትፈልጋላችሁ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ አብዛኛው «አዎ» አለ፤ ግን አስቀድሞ የተወሰነው ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ በነበረበት ቀጠለ። ማንም አልሞተም። የእኛ አንድ ቀበሌ የማይሞላ ሕዝብ በሁለት ዓመት ሁለቴ ሲጠየቅ፣ የራያ ሕዝብ በአንድ ትውልድ አንዴ እንኳ አልተጠየቀም።

ያለመጠየቅም ምሳሌ አለው። የቻጎስ ደሴቶችን ሕዝብ እንግሊዝ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቀዬው ነቅላ ለወታደራዊ ሰፈር አመቻቸችው። በ2025 እንግሊዝና ሞሪሸስ ስለ ደሴቶቹ ስምምነት ሲፈርሙ፣ «በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ እኛ የለንም» ብለው የጮኹት እነዚያው ተፈናቃዮች ነበሩ። ሁለት ባለሥልጣን ተጨባብጦ የሚፈታው የወረቀቱን ጥያቄ ነው፤ የሰውየው ጥያቄ እዚያው ይቀራል። ይኼ ለመቀሌም፣ ለባሕር ዳርም፣ ለአዲስ አበባም ትምህርት ነው።

«ታዲያ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግና ይለቅ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቀስ እንበል። መጠየቅ ማለት ካርድ ማደል ብቻ አይደለም። የምዕራብ ሰሃራ ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ የተቋቋመው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ «መራጩ ማን ነው?» የሚለው መዝገብ ላይ መስማማት ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። በኒው ካሌዶኒያም በግንቦት 2024 ደም ያፈሰሰው ግጭት የተነሳው ፈረንሳይ የመራጩን መዝገብ ልለውጥ በማለቷ ነው። ከቤታችንም እንይ፤ በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጥተው ነበር። ድምፁ መሬት ላይ በወሰን ምልክትና በመልካም አስተዳደር ስላልታሰረ፣ ከዓመታት በኋላ በ2009 እና በ2010 መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ አየን። በሌላ በኩል የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ፣ ከፊቱ የሰው ሕይወት ቢጠፋም፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 በሰላም ተካሂዷል። ስለዚህ ይቻላል፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋል።

ለራያ ደግሞ ዝግጅቱ ከባድ ነው። ማን ይመረጥ? ዛሬ እዚያ የሚኖረው ብቻ ከሆነ የተፈናቀለው ድምፁን ከቤቱ ጋር ይቀማል። ከ1984 በፊት የነበረው ብቻ ከተባለ እዚያ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ባዕድ ይሆናል። ሁለቱም ግፍ ነው። መጀመሪያ የተፈናቀለው ይመለስ፤ በየትኛውም አቅጣጫ የሸሸ። መዝገቡ ከዚያ በኋላ ይከፈት።

አንዳንዱ ወዳጄ እዚህ ላይ ይቆጣል። «በኃይል የተወሰደን መሬት በድምፅ መጠየቅ ቅሚያውን ማጽደቅ ነው» ይለኛል። ሌላው ወዳጄም በሌላ ምክንያት ይኼንኑ ይለኛል፤ ቃላቸው አንድ፣ መሬቱ አንድ፣ ቀማኛው ብቻ የተለያየ። ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው። ሕዝቡ የእናንተ መሆኑን ይኼን ያህል እርግጠኛ ከሆናችሁ መጠየቁን ለምን ትፈራላችሁ?

ሕጉ እኮ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የወሰን ጥያቄ ሲነሳ ክልሎቹ ይስማሙ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይወስን ይላል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነትም አከራካሪ ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈቱ ብሏል። «ፍላጎት» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ ያለው ለጌጥ አይደለም።

እስከዚያው ግን ሰው በምን ይተዳደር? ለዚህም አርአያ አይጠፋም። በቦስኒያ ብርችኮ የምትባል ከተማ የጦርነቱ ዋና መናጆ ነበረች፤ የ1995ቱ የሰላም ስምምነት እንኳ ሊቋጫት አልቻለም። በ1999 ገላጋይ ዳኞች ለሁለቱም ወገን የጋራ ናት፣ የሚያስተዳድራት ግን የራሷ ምክር ቤት ነው ብለው ፈረዱ። አንድ ፖሊስ፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ ልጆች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ የውጭ ተቆጣጣሪም ተመደበ። ገነት አልሆነችም፤ ግን የተፈናቀለ ተመለሰባት። የእኛዋ ድሬዳዋም ሁለት ክልሎች የእኔ ናት እያሉ በቻርተር ለፌዴራል መንግሥቱ ተጠሪ ሆና ኖራለች። የወንበር ክፍፍሏ «ሌላው ነዋሪስ?» የሚል ቅሬታ ማስነሳቱን ግን አንርሳ። ራያ ላይ ለአማራ ይኼን ያህል፣ ለትግራይ ይኼን ያህል ብለን ወንበር ብቻ ብንቆጥር፣ «እኔ ራያ ነኝ» የሚለው ሰው ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ጊዜያዊ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይሁን፤ ለማን እንደሚጠየቅ፣ በጀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይታወቅ። ባለጠመንጃ ከአስተዳደር ሥራ ይውጣ። መሸኛ፣ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ደብተር ማንም ያትመው ማን በሁለቱም በኩል ይሠራ። ውሳኔው ምንም ይሁን ምን ደግሞ ገበያው፣ ግጦሹና ውሃው ላይ ኬላ አይተከል።

ውሃውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ የቆላው ገበሬ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፍ ቀጠሮ አያከብርም፤ ሌሊትም ይመጣል። ከላይ ያለው ሁሉንም ልውሰድ ቢል ከታች ያለው ይራባል፤ ከታች ያለው ተቆጥቶ ጠለፋውን ቢያፈርስ ለማንም አይተርፍም። ስለዚህ ገበሬው አስቀድሞ፣ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ ተሰብስቦ ቦዩን ይጠርጋል፤ ተራውን ይቆርጣል፤ የሚዳኘውንም ሰው ይመርጣል። ውሃው የሚገባበት ማሳ ባለቤት በሌለበት ተራ አይቆረጥም።

ይኼን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ራሱ መሬት ለመጠየቅ አልበቃም ሊባል አይችልም። ተኩስ በሌለበት ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ አሁኑኑ ይጠየቅ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ቦይ አይቆፈርም።

እኚያን እናት ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ወረቀታቸውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ ሻያቸውን ጨርሰው ወደ ዋጃ መኪና ሄዱ። ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ አላውቅም። «የማን ነኝ?» ያሏት ነገር ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። መልሱን ከእሳቸው ሌላ ማንም ሊሰጥ አይገባውም።