ቋንቋው ነው ወይስ ጆሮው?

ከአትላንታ በስተምሥራቅ በምትገኘው ስኔልቪል፣ ልጆቻቸው ዘንድ ሊኖሩ ከኢትዮጵያ የመጡ አንዲት እናት ሐኪም ፊት ቀርበዋል እንበል። ነርሷ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ታገናኛለች። «ከጀመረዎት ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» ይላል አስተርጓሚው። እናቲቱም ፈገግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ሲሉ ይመልሳሉ። በክፍሉ ያለው ሁሉ ነገሩን ለእንግድነትና ለቋንቋ ችግር ይሰጠዋል። ነገር ግን የተጠየቁት በገዛ ቋንቋቸው ነበር። ያልደረሳቸው ትርጉሙ ሳይሆን ድምፁ ነው።

ሥር የሰደደ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ሕፃኑ ጉንፋን ሲይዘው፣ ጉሮሮን ከጆሮ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ በኩል ተሕዋስያን ይገባሉ፤ መግል ይቋጠራል፤ ግፊቱ ሲበረታም የጆሮ ታምቡር ይቀደዳል። ቀዳዳው ሳይደፈን ከቀረ፣ ውኃ በገባ ወይም ጉንፋን በተነሣ ቁጥር ጆሮው ይመግላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ ጆሯቸው የሚመግል ሰዎች በዓለም ላይ ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፣ ከእነዚህም 60 በመቶው ጉልህ የመስማት ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። ሸክሙ የሚከብደው ሕክምና በራቀበትና ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት በሚኖርበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ለአጣዳፊ የጆሮ ሕመም ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት ተሕዋስያን አንዱን የሚከላከለውን የኒሞኮከስ ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ሰው ያልዳነ ጆሮውን ይዞ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ሐኪሙ የመስማት አቅምን በዴሲቤል ይለካል። ልኬቱ አስፈላጊ ቢሆንም በሽተኛው እንዴት እንደሚኖር አይናገርም። የመግሉን ሽታ ሰው እንዳያውቅበት ከቤተ ክርስቲያን ጥግ የሚቆመውን፣ በደኅናው ጆሮው በኩል ሰው እንዲቀመጥለት መጠየቅ የሚያፍረውን፣ ገላውን ሲታጠብ እንኳ የሚሰጋውን ሰው ዴሲቤል አይለካውም። ይህን የተረዱ ተመራማሪዎች በሽተኛው ራሱ የሚሞላቸውን መጠይቆች አዘጋጅተዋል፤ አንደኛው 12፣ በዙሪክ የተሰናዳው ሌላው ደግሞ 21 ጥያቄዎች አሉት። ስለ መግሉ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ከሰው ስለ መራቁ ይጠይቃሉ። ጥሩ ሕክምና እነዚህንም መመለስ አለበት ባይ ነኝ።

በስደት ሸክሙ ድርብ ነው። በአማርኛ የጎደለውን ድምፅ ከንፈር አይተን፣ ዐውዱን ገምተን እንሞላዋለን። በአዲስ ቋንቋ ግን መገመቻ የለንም። ስለዚህ የማይሰማው ሰው በእንግሊዝኛ ትምህርት «ሰነፍ»፣ በሥራ ቦታ «ትእዛዝ የማይገባው»፣ በማኅበሩ ደግሞ «ኩሩ» ይባላል። እርሱም ስሙን ተቀብሎ ዝም ይላል።

«ጆሮ አይገድልም» የሚል ይኖራል። ይህ ስሕተት ነው። በአንዳንዶች ዘንድ ኮሌስቲያቶማ የሚባለው የቆዳ እጢ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ አድጎ አጥንትን ይበላል፤ የፊት ሽባነት፣ ማጅራት ገትርና የአንጎል መግል ሊያስከትልም ይችላል። ይሁን እንጂ ባይገድልስ? አርባ ዓመት ከሰው ጨዋታ ተለይቶ መኖር እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የማይሰማ ሰው ግን በስልክ ከሚደርሰው ድምፅ ይልቅ ፊቱን የሚያየው አስተርጓሚ ይጠቅመዋልና ቀጠሮ ስንይዝ ይህንኑ እንጠይቅ። የጋለ ዘይት፣ የሽንኩርት ጭማቂ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ጠብታ ጆሮ ውስጥ አንጨምር፤ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ጠብታዎች በተቀደደ ታምቡር አልፈው የውስጡን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን የመስሚያ መሣሪያም ቢሆን፣ ባለፉት ስድስት ወራት ጆሮው የመገለ ሰው ሐኪም ሳያየው አይግዛው። የታምቡር ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ሊደፈን እንደሚችል የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እንንገራቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ለዚህም ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ድምፃችንን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ፊት ለፊት ተቀምጠን «እማዬ፣ በየትኛው ጆሮሽ ይሻልሻል?» እንበል። ምናልባት ለዓመታት «አይገባትም» ያልናት እናት ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ይህ ሊሆን ይችላል።