«ለሩገር ብቻ»፦ ስም ያሳሳተው የጥይት ልክ

ዛሬ ከሰሞኑ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ልበል።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከቴክሳስ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ በእጅ የሚጫኑት ትንሽ ማሽን፣ የወርቅ ቤት የሚመስል ሚዛን፣ አንድ የተገለጠ አሮጌ መጽሐፍና በተርታ የቆሙ ጥይቶች ይታያሉ። ከሥሩ «50ውንም በእጄ ሞላኋቸው» ብሎ ጽፏል። ሰውዬው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልጆች ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም ስናይ የያዘው አመል እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲተርፈው መጀመሪያ የገዛው ባለ 45 ካሊበር ሪቮልቨር ነው።

እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ለራሱ መተኮሻ ጥይት ቤቱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ሞልቶ ለመሸጥ ሲነሳ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ አጥቦ፣ አዲስ ካፕሱል ተክሎ፣ ባሩድ ሰፍሮ፣ አረሩን መግጠም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ዋጋው ይረክሳል፣ እጅም ሥራ ያገኛል። እዚህ ድረስ ተቃውሞ የለኝም።

ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግን የመጽሐፉ ገጽ አናት ላይ «ለሩገር ብቻ» የሚል ርዕስ አነበብኩ። «መጽሐፉ መቼ ነው የታተመው?» አልኩት። የጋዜጠኛ ልማድ ነው፤ ሰነድ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ቀኑ ላይ ነው። «እኔ እንጃ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በሦስት ዶላር ነው የገዛሁት» አለኝ። ገልጦ ሲያየው በ1990ዎቹ የታተመ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሽጉጡ ግን ከዚያ በኋላ የወጣ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ነው። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለምና። ከ50ው 12ቱን ተኩሷል። «ክንድ ይነቀንቃል» ብሎ በደስታ ነው የነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 45 ኮልት የሚባለው ጥይት የተወለደው በ1873 ነው። በዚያ ዘመን ባሩዱ ጥቁር ነበር፤ 40 ግሬን ያህል ገብቶ ቀለሁን ጢም አድርጎ ይሞላው ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ጭስ አልባ ባሩድ ግን በጣም ኃይለኛ ስለሆነ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ በዚያ ሰፊ ቀለህ ውስጥ ከታች ይተኛል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ቢሰፈርበትም አይገነፍልም፣ ሰውዬውም ላያስተውለው ይችላል። የዚህ ጥይት የመጀመሪያው አደጋ ይኸው ነው።

የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ በአጭሩ ሳሚ የሚባለው፣ ለ45 ኮልት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 14,000 ፒኤስአይ ነው። ለሾፌሩ ዘመዴ በሚገባው ቋንቋ ስነግረው፣ የቤት መኪና ጎማ 30 እና 35 አካባቢ ነው የሚነፋው። 14,000 ራሱ ቀላል ቁጥር አይደለም። ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ግን ዝቅተኛ ነው፤ 44 ማግነም 36,000፣ 357 ማግነም 35,000 ተፈቅዶላቸዋል። የ45ቱ ልክ ዝቅ ያለው ከአያቱ የወረሰውን አሮጌ ኮልት ይዞ ሱቅ ገብቶ ጥይት የሚገዛ ሰው ስላለ ነው። ሱቁ ሽጉጥህን አሳየኝ አይልም።

ሩገር ብላክሆክ የተባለውን ትልቅና ወፍራም ሪቮልቨሩን በዚህ ካሊበር መሥራት ሲጀምር ግን ሰዎች ይህ ብረት ከ14,000 በላይ እንደሚችል አዩ። የጥይት መሙያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ለእሱ ብለው ሌላ ገጽ ከፈቱ፤ እስከ 30,000 አካባቢ የሚደርስ ልክ። ገጹን «ለሩገር ብቻ» አሉት። በ1993 የወጣው ቫኬሮም የተሠራው በዚያው ትልቅ አካል ላይ ስለነበር ገጹ ለእሱም ያገለግል ነበር።

በ2005 ፋብሪካው ኒው ቫኬሮ የሚባለውን አወጣ። ገበያው የጠየቀው የድሮውን ኮልት የሚያክል፣ እጅ ላይ የሚቀል ሽጉጥ ስለነበር አካሉም ሲሊንደሩም አነሰ። ፋብሪካው ምንም አላጠፋም፤ የተጠየቀውን ሠራ። ገጹ ላይ ያለው ስም ግን እንደ ነበረ ቀረ። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ትልልቆቹ ሽጉጦች «ኒው ሞዴል» መባላቸው ነው። ኒው ሞዴል ብላክሆክ ያለው ሰውና ኒው ቫኬሮ ያለው ሰው ሁለቱም «የእኔ አዲሱ ነው» ይላሉ። አንዱ ትልቅ አካል ይዟል፣ ሌላው መካከለኛ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ «ለሩገር ብቻ» የሚለው ርዕስ ከመጻሕፍቱ መፋቅ አለበት። ልክ የሽጉጡ ሞዴል እንጂ የፋብሪካው ስም አይደለም። ገጹ ሞዴሎቹን በስማቸውና በአካላቸው መጠን ይዘርዝር፤ ያልተዘረዘረው ሁሉ ወደ 14,000ው ይመለስ።

ዘመዴ ይህን ስለው በቀላሉ እጅ አልሰጠም። «የእኔው ሽጉጥ እኮ በ357 ማግነምም ይሸጣል፤ ያ 35,000 ከቻለ፣ ብረቱ አንድ አይደለም ወይ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ብረቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳው ግን አንድ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ግንድ ሁለት ሙቀጫ ብትፈለፍሉ፣ አፉ የሰፋው ግድግዳው ይሳሳል። በ45 ሲሊንደር ላይ ስድስት ሰፋፊ ጉድጓዶች ሲቦረቦሩ በጉድጓዱና በውጭው ገጽ መካከል የሚቀረው ብረት ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ጥርስ የሚገባበት ስርጉድ ውጭው ላይ ይቆረጣል። በብዙ ሽጉጦች ይህ ስርጉድ የሚያርፈው ልክ ጉድጓዱ አናት ላይ ነው። ሲፈነዳ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ነግረውናል እኮ፤ መካከለኛው ብላክሆክ በ44 ስፔሻል ሲወጣ፣ ማለትም በ15,500ው፣ 44 ማግነም የተተወው ለትልቁ ነው።

ይህን ትምህርት አሜሪካኖች ድሮ በዋጋ ተምረውታል። ኤልመር ኪት የሚባለው ታዋቂ የሽጉጥ ጸሐፊ በ1920ዎቹ ከልክ በላይ በተሞላ ጥይት 45 ኮልቱን እጁ ላይ አፈነዳው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ 44 ስፔሻል ያዞረው የጉድጓዱ ግድግዳ ስለሚወፍር ነው። በ1955 የተዋወቀው 44 ማግነም የዚያ የረጅም ጊዜ ጉትጎታ ውጤት ነው። ኃይል የፈለገው ሰው መጨረሻ ላይ ያገኘው አሮጌውን ጥይት አብዝቶ በመሙላት ሳይሆን አዲስ ጥይትና ለእሱ የተሠራ ሽጉጥ በማስወጣት ነው።

ሁለተኛው የዘመዴ መከላከያ «ቀለሁን አየሁት፣ ምንም ምልክት የለውም» የሚል ነበር። የሞሉ ሰዎች ካፕሱሉ ተጨፍልቋል ወይ፣ ቀለሁ ከጉድጓዱ አልወጣ ብሏል ወይ እያሉ ግፊቱን ለመገመት ይሞክራሉ። ለጠመንጃ መጠነኛ ፍንጭ ይሰጥ ይሆናል። 14,000 ለሚችል ሪቮልቨር ግን ከንቱ ነው፤ ካፕሱሉ መጨፍለቅ የሚጀምረው ከዚህ ሽጉጥ ልክ እጅግ ርቆ ከሄደ በኋላ ነውና። ምልክት ጠብቆ ማቆም ማለት ፍሬን ለመያዝ ግጭቱን መጠበቅ ነው።

በመካከል አንድ ሐሳብ አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ልምድ ያላቸው አንዳንድ ጸሐፊዎች ለመካከለኛው አካል ከ20,000 ትንሽ ከፍ የሚል ሦስተኛ እርከን አቅርበዋል። የብረቱን ውፍረት ለክተው፣ አስበው ነው፤ በዘፈቀደ አይደለም። እኔ ግን አልቀበለውም። ሳሚ ያወጣው መስፈርት አይደለም፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎችም በመመሪያቸው ቤት ለተሞላ ጥይት ኃላፊነት አይወስዱም። ከሁሉም በላይ በጸሐፊው ጠረጴዛና በዘመዴ ጋራዥ መካከል ልዩነት አለ። ሚዛኑ ትንሽ ይዋሻል፣ አረሩ ትንሽ ጠልቆ ይገባና የባሩዱን ቦታ ያጠባል፣ የሌላ ፋብሪካ አረር ይተካል። እያንዳንዱ ከዚያ ከተረፈው አቅም ላይ ይቀንሳል። ሚኒባስ 12 ሰው ተብሎ 18 ሲጭን ሞላው አይሰበርም፤ ሾፌሩም ይችላል ማለት ነው ብሎ ይቀጥላል።

ደግሞስ ለምን? በመደበኛው ልክ 250 ግሬን አረር በሰከንድ 260 ሜትር ገደማ ይወጣል። ለዒላማ ይበቃል፣ በቅርብ ርቀት ለአጋዘንም ይበቃል። አላስካ ድብ የሚያሰጋው ሰው ካለ ትልቁን ሽጉጥ ይግዛ። ግን ወደ ታች መውረድም ገደብ አለው። ፈርተው ባሩዱን እጅግ ከቀነሱት አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ ተከታዩ ጥይት ደግሞ አፈሙዙን ያሳብጠዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ከሰጠው መነሻ አይወረድም፣ ከጣሪያውም አይወጣም። መጽሐፉ ራሱ ከሽጉጡ በኋላ የታተመ ይሁን።

ዘመዴ ሦስት ቀን ዝም አለኝ። ተቀይሞኝ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ሌላ ፎቶ መጣ፤ የቀሩት 38 አረሮች በሻይ ጣሳ ውስጥ፣ ቀለሆቹ በጎን። መዶሻ በሚመስል መፍቻ አንድ በአንድ አፍርሷቸዋል። ባሩዱን ምን አደረግከው ስለው፣ ናይትሮጅን ስላለው ሣሩ ላይ በተንኩት አለኝ። ሽጉጡን ሲሊንደሩን የሚለካለት ባለሙያ ጋ ወስዶታል፤ መልሱን እየጠበቀ ነው።