ኅብረትና ግለኝነት በአገራችን

የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የዓለምን ሕዝብ ባህል በሁለት ወገን ይመድቡታል። አንደኛው ከራሱ አስቀድሞ ወገኑን የሚያስብ፤ ሁለተኛው ከወገኑ አስቀድሞ ራሱን የሚያስብ ነው ይላሉ። የሆላንዱ ሊቅ ኸርት ሆፍስቴድ በ40 አገሮች የሚገኙትን የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠራተኞች አስተያየት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በግለኝነት ከሁሉ ቀድማ የተገኘችው አሜሪካ ናት። እኛም ይህን ስንሰማ «የኛስ ነገር ኅብረት ነው» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይመስለኝም።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በሰሜን ሸዋ በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚሁ መጽሐፍ የአማራው ባህል ወደ ግለኝነት ያደላል፤ ለጋራ ጉዳይ መተባበርም ይጎድለዋል የሚል አሳብ አቅርቧል። ይህን የሚያነብ የሸዋ ልጅ ይቈጣ ይሆናል። ቊጣ ግን መልስ አይሆንምና ነገሩን መመርመር ይሻላል።

እስቲ ወንፈልን እንመልከት። ዛሬ አንተ የኔን ጤፍ ታጭዳለህ፤ ነገ እኔ ያንተን አጭዳለሁ። ቀኑ የተቈጠረ ነው፤ ያልመለሰ ሰው በሚመጣው ዓመት የሚያግዘው አያገኝም። ዕቁብም ዕጣው ለሁሉ በተራ ይደርሳል፤ ዕድርም የሚጸናው አባሉ ሁሉ መዋጮውን ሲከፍል ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ «እኔ»ን የሚያጠፉ ሳይሆኑ የእያንዳንዱን ድርሻ ጠንቅቀው የሚቈጥሩ ናቸው። የጸኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሌቪንም መልስ የሚሆን ነገር በዚያው በመንዝ ይገኛል፤ ይኸውም ጓሳ ነው። የአስቦና የጌራ ልጆች ይህን ሥፍራ ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ጠብቀውታል። ሥፍራው ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይቈይና፥ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ሲከፈት ብቻ ነበር። ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስት ሥርዓት ሲሻር የቀድሞው ጥበቃ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ ዳግመኛ ተሰብስቦ ጥበቃውን አቋቋመ። እንግዲህ ሰው ድርሻውንና ቅጣቱን ለይቶ ባወቀበት ዘንድ ለጋራ ነገር ይተባበራል ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች ልመለስ። ከመካከላችን ኩረጃን «መተባበር» እያለ የሚጠራ አይጠፋም፤ ወረቀቱን ያልሰጠውንም «ስስታም» ይለዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። ውጤቱ እንዲህ የወረደበት ምክንያት ብዙ ነው። ሆኖም በጓደኛ ትከሻ የተሻገረ ሰው ብቻውን ሲቆም የሚይዘው እንደሌለ ከዚህ ልንማር ይገባናል።

በሌላ ወገን ደግሞ ጓደኛዬ ይበልጠኛል ብሎ ደብተሩን የሚሸሽግ አለ። እርሱም ሠለጠንሁ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ያላስረዳውን ትምህርት ራሱም አጥብቆ አይዘውም።

በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም። የሚበጀን የወንፈል ሥርዓት ነው። በሒሳብ የበረታ ለጓደኛው ያስረዳ፤ ያም በእንግሊዝኛ ብድሩን ይመልስ። በፈተና ቀን ግን እያንዳንዱ የገዛ ማሳውን ይጨድ። በወንፈልም ቢሆን ማሳው ሁሉ ባለቤት አለው።

ዛሬ በለሚ ዘመኑ እየተለወጠ ነው። ታላቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደመወዝ ለየሰው በስሙ ይከፈላል፤ ደመወዝተኛም ለአጨዳ የጎረቤት እጅ አያሻውም። ስለዚህ ወንፈል ከማሳ ላይ ቢቀር እንኳ ልማዱ በኛ ዘንድ እንዳይጠፋ እንጠብቀው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድር በየራሱ ካልጠነከረ ቢያብርም ይበጠሳል።