አሥር አክሲዮን ያላት ሴት ምን አገባት?

«ዘ ሶሊድ ጎልድ ካዲላክ» ስለተባለው የአሜሪካ ፊልም ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ ያው ነው። ቀልድ አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ መጨረሻው ያምራል፣ በቃ! እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ የሳቅ ፊልም፣ ለቅዳሜ ማታ የሚሆን ጨዋታ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ሳቁ ውስጥ ያለው ጥያቄ ዛሬም ብዙ የቦርድ ሊቀመናብርትን ወንበራቸው ላይ የሚያቁነጠንጥ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎራ ፓርትሪጅ ሥራ የፈታች ተዋናይት ናት። «ኢንተርናሽናል ፕሮጀክትስ» በሚባል ግዙፍ ኩባንያ ውስጥ አሥር አክሲዮን አላት። አሥር ብቻ! የኩባንያው መሥራች ማክኪቨር የመንግሥት ሹመት ተቀብሎ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ንብረቱ በቦርዱ እጅ ይወድቃል። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ሎራ ትነሣና ትጠይቃለች። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ ደመወዝ የሚያገኙት ምን ሠርተው ነው? አዳራሹ ዝም! ቦርዱ አፏን ለማስያዝ የይስሙላ ሹመት ይሰጣታል፤ የባለአክሲዮኖች ጉዳይ ኃላፊ። ቢሮ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ሥራ የለም። እሷ ግን የይስሙላውን የምር ታደርገዋለች። በየከተማው ላሉት ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ደብዳቤ ትጽፋለች። እነሱም የድምፅ ውክልናቸውን ለቦርዱ መላክ ትተው ለእሷ ይልካሉ። ቦርዱም ይወድቃል።

አንዳንዶች ሎራ ያሸነፈችው የዋህ ስለሆነች ነው ይላሉ። ምን ዓይነት የዋህነት ነው እባካችሁ? ቁጥር የሚጠይቅ የዋህ አይቼ አላውቅም። ሎራን የተጫወተችው ጁዲ ሆሊደይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1952 በኮሚኒስት ደጋፊነት ተጠርጥራ በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ነበር። እዚያም በመድረክ የምትታወቅበትን የ«ሞኟን ልጅ» ጠባይ ለብሳ መልስ ስትሰጥ ውላ የማንንም ስም ሳትጠቁም ወጥታለች። ሞኝ መምሰልና ሞኝ መሆን ለየቅል ናቸው!

የፊልሙ እውነተኛ ጉልበት ያለው ውክልናው ላይ ነው። በርልና ሚንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ አክሲዮን በብዙ ሺህ ሰው እጅ ሲበተን ባለቤቱ ሌላ፣ አዛዡ ሌላ ይሆናል። ትንሹ ባለአክሲዮን ስብሰባ ለመሄድ ጊዜ የለውም፤ በፖስታ የመጣለትን ወረቀት ፈርሞ ይመልሳል። በዚያች ፊርማ አስተዳዳሪዎቹ በሰው ድምፅ ራሳቸውን ይመርጣሉ። ሎራ ይህን መንገድ አልለወጠችውም፤ አቅጣጫውን ብቻ አዞረችው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ይህ ተረት ነው የሚል ካለ ታሪክ ይመልከት። ዊልማ ሶስ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1947 የሴት ባለአክሲዮኖችን ማኅበር መሥርተዋል። በ1949 ደግሞ «ዩኤስ ስቲል» ጉባኤ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ለብሰው ገቡ፤ አስተዳደሩ ለባለአክሲዮን ያለው አስተሳሰብ የዚያ ዘመን ነው ለማለት። ጆን ጊልበርት የተባለው ትንሽ ባለአክሲዮን በጉባኤ ላይ ሐሳብ የማቅረብ መብቱ በ1947 በፍርድ ቤት ጸንቶለታል። ሎራ የተወለደችው እንዲህ ያሉ ሰዎች በነበሩበት አገር ነው።

ፊልሙንም ግን ዝም ብዬ አላመሰግነውም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1953 ብሮድዌይ ላይ የታየው የካውፍማንና የታይክማን ተውኔት ነበር። እዚያ ሎራን የተጫወቱት ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈው ጆሴፊን ሃል ናቸው። ሆሊውድ አሮጊት ጠያቂ አልጣመችውም፤ ወጣት አደረጋት፣ ፍቅሩንም አደመቀው። ከዚያም በጥቁርና ነጭ የቆየው ፊልም መጨረሻው ላይ በቀለም ያሸበርቅና የወርቅ ካዲላክ ይሸልማታል። ለምን? የጥያቄ ዋጋው መልስ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም። ተመልካቹ መኪናውን እያደነቀ ሲወጣ ደብዳቤዎቹን ይረሳል። ቦርዱን የጣሉት ግን ደብዳቤዎቹ ናቸው!

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ነው የሚል አንባቢ ደግሞ መሳቢያውን ከፍቶ ይመልከት። የግል ባንክ ከተፈቀደበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ የከተማ ሰው የአክሲዮን ወረቀት አስቀምጧል? በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በዚያው ዓመት የሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። የአገራችን ሎራዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ስንቶቻችን ጉባኤ እንሄዳለን? የሄድነውስ የሂሳብ ሪፖርቱን ገልጠን እናነባለን ወይስ የትርፍ ድርሻው ስንት ደረሰ ብለን፣ እጃችንን ለድምፅ አውጥተን፣ ምሳ በልተን እንመለሳለን?

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። እውነት ነው፤ ዝም ባለ ባለአክሲዮን ኪስ ግን የሰው እጅ ይገባል። አሥር አክሲዮን ያላት ሴት ምን አገባት ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ አሥር አክሲዮን አላትና አገባት። ውክልና የሚጠይቅ ወረቀት ሲመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለማን እንደምትሰጡት ጠይቁ።