የመምህሩ ገጽ፦ ‹‹በጥናት ተረጋግጧል›› ሲሉን ምን እንጠይቅ?

የዛሬው ጉዳያችን መርፌ ነው። የክሊኒኩን መርፌ ማለቴ ሳይሆን አኩፓንክቸር የሚባለውን የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። መድኃኒት የሌለበት ቀጭን መርፌ በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ እየተሰካ ሕመም ይታከማል። ከእኛ ዋግምት ጋር አታምታቱት፤ እሱ ሌላ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። ታዲያ እዚህ ካምፕ ወገቡን የማያመው ማን አለ? ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መሸከሙ፣ መሬት ላይ መተኛቱ አለ። የታመመ ሰው ደግሞ ‹‹በጥናት ተረጋግጧል›› የተባለውን ሁሉ ለመሞከር ራሽኑን ይሸጣል፣ ዘመድ የላከለትን ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ‹‹ጥናት›› የሚለውን ቃል እንመርምረው።

አንድ ጥናት ብቻውን ብዙም አያስተማምንም። ተመራማሪዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው፣ አበጥረው፣ አንድ ማጠቃለያ ያወጣሉ። ብዙ ሐኪሞችም የሚመሩት በዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማጠቃለያው እንዴት እንደተሠራ በግልጽ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። አንድ መምህር ‹‹የክፍሌ አማካይ ውጤት 80 ነው›› ቢላችሁ ደስ ይላችኋል። የወደቁትን ከሮስተሩ አውጥቶ የደመረ ቢሆንስ? ድምሩ ልክ ነው፤ ወሬው ግን ልክ አይደለም።

በአኩፓንክቸር ላይ ይህን የሚያስጠረጥር ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ቪከርስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ካዩዋቸው ሙከራዎች መካከል ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን የመጡት በሙሉ ‹‹ይሠራል›› የሚሉ ነበሩ። አንድም ያልተሳካ የለም! አንድም ተማሪ ያልወደቀበት ፈተና ሲያይ የማይጠራጠር መምህር አለ? ያልተሳኩት ሳይታተሙ መሳቢያ ውስጥ ቀርተው ሊሆን ይችላል። አጠቃላዩ ሰው የት የት እንደፈለገ፣ ስንት ጥናት አግኝቶ ስንቱን ለምን እንደጣለ ካልጻፈ፣ እኛ በምን እናውቃለን?

ሌላው ጥያቄ ‹‹ከምን ጋር ሲወዳደር?›› የሚለው ነው። ጀርመን አገር 1,162 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ሰዎቹ በ3 ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በቻይናው ባህል መሠረት ተወጋ። ሁለተኛው፣ ሳያውቅ፣ ከተመረጡት ቦታዎች ውጪ ላይ ላዩን ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የሰውነት እንቅስቃሴ አገኘ። ከ6 ወር በኋላ የተሻላቸው ከ100 ሰው በአንደኛው ቡድን ወደ 48፣ በሁለተኛው 44፣ በሦስተኛው 27 ሆኑ።

እንግዲህ አንዱን ከሦስተኛው ያወዳደረ ‹‹አኩፓንክቸር ከተለመደው ሕክምና በጣም ይበልጣል›› ይላል። ከሁለተኛው ያወዳደረ ደግሞ ‹‹የት እንደተወጉ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም›› ይላል፤ በ48ና በ44 መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላልና። ሁለቱም አልዋሹም። ከምን ጋር እንዳወዳደረ ያልነገረን ግን አሳስቶናል።

ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። ፕሪዝማ የተባለው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በ2021 የታደሰ ሲሆን፣ ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው ሊገልጻቸው የሚገቡ 27 ነጥቦች አሉት። የአኩፓንክቸር ሙከራ ለሚሠሩ ደግሞ በ2001 የወጣውና በ2010 የተሻሻለው ስትሪክታ አለ። ስንት መርፌ፣ የት ቦታ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ ለስንት ደቂቃ፣ የወጋውስ ሰው ምን ሥልጠና እንዳለው ጻፉ ይላል። በደንቡ መጻፍ ሕክምናውን ፈዋሽ አያደርገውም፤ አንባቢው ግን አይቶ እንዲፈርድ ያስችለዋል።

እኛ 27ቱን ነጥብ መሸምደድ የለብንም። ለአኩፓንክቸርም ሆነ በጠርሙስ ለሚሸጥ ቅጠል እነዚህ ይበቁናል፦

1. ስንት ሰው ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ ተሞከረ?
2. ከምን ጋር ተወዳደረ?
3. ያልተሻላቸውና የተጎዱትስ ተቆጠሩ?
4. የጥናቱን ወጪ ማን ከፈለ?

መርፌ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያገለግል አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በሰው ደም የተነካ መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ክሊኒኩ የሰጣችሁን መድኃኒትም ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ልጆቻችንንም በክፍል ‹‹ለምን?›› እንዲሉ የምናስተምራቸው ለዚሁ ነው። እስከሚቀጥለው እትም ቸር እንሰንብት።