«ኮምፓይለሩ ነው» ምርመራ አይደለም

ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽም ተናድጃለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዳንዶቻችሁ የሊኑክስን ከርነል ራሳችሁ መገንባት ጀምራችኋል። ደስ ይለኛል። ታዲያ ገና ያልተጠናቀቀውን የሙከራ ጂሲሲ ትጭናላችሁ፣ ከርነሉን በሱ ትገነባላችሁ፣ ማሽኑ ይነሳና ትንሽ ቆይቶ ቀጥ ይላል። ግሩፕ ላይ ስትጠይቁ የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ኮምፓይለሩ ነው፣ ወደ ድሮው ተመለስ።» የባሰበት ደግሞ «ፎርማት አድርገው» ይላል።

ኧረ በፈጠራችሁ! ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ደም ሳይወሰድ «ወባ ነው» ብትባሉ ዝም ትላላችሁ?

(ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ወዳጆቼ፦ ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። እሱ ከተሳሳተ፣ ኮዱ ልክ ሆኖም ውጤቱ ይበላሻል።)

«ተመለስ» ባዮች የሚመዙት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሬድ ሃት ሊኑክስ 7 ጂሲሲ 2.96 የሚባል ኮምፓይለር ይዞ ወጣ። የጂሲሲ ሰዎች ግን 2.96 ብለው ያወጡት ነገር አልነበረም። ሬድ ሃት ገና እየተሠራ ካለው ኮድ ቀድቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ አከፋፈለው። የጂሲሲ አስተባባሪ ኮሚቴም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ይህ የእነሱ እትም እንዳልሆነ፣ በሱ የተገነባ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድም ከ2.95ም ከሚመጣው 3.0ም ጋር እንደማይገጥም ገለጸ። ሬድ ሃት ራሱ ለከርነል ግንባታ ኬጂሲሲ የሚል የቆየ ኮምፓይለር አብሮ ጨምሮ ነበር። ማለትም ከርነሉን በአዲሱ ለማመን እነሱም አልደፈሩም።

እሺ፣ ይህ ይመዝገብላቸው። ግን ያኔ በ2.96 እምቢ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነበር? አልነበረም። ከፊሉ ድሮም ስሕተት የነበረበት፣ የድሮው ኮምፓይለር አይቶ እንዳላየ ያሳለፈው ኮድ ነው።

ካላመናችሁ የ2009ን ጉዳይ እዩ። ከርነሉ ውስጥ «ተን» የሚባል የኔትወርክ ድራይቨር አለ። እዚያ ፕሮግራመሩ አንድን ፖይንተር መጀመሪያ ይጠቀምበታል፤ በሚቀጥለው መስመር ደግሞ «ባዶ ነው እንዴ?» ብሎ ይፈትሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጂሲሲ ምን አለ? ከተጠቀምክበትማ ባዶ አይደለም ማለት ነው ብሎ ፍተሻውን ጠራርጎ አወጣው። በዚያ ክፍተት ተራ ተጠቃሚ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር እንደሚችል በተግባር ታየ። በሲ ቋንቋ ሕግ ግን ኮምፓይለሩ መብቱ ነበር። የከርነሉ ሰዎች ኮዱን አስተካከሉ፣ ኮምፓይለሩም እንዲህ ያለ ፍተሻ እንዳይሰርዝ የሚከለክል ምርጫ ጨመሩ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። በ2014 ጂሲሲ 4.9.0 አዲስ ነበር። በሱ የተገነባ ከርነል ያለ ምንም ሥርዓት ይወድቅ ጀመር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የወጣውን አሴምብሊ ቁጭ ብሎ አነበበ። ኮምፓይለሩ በስታኩ ላይ ገና ቦታ ሳይይዝ እዚያ ዋጋ ያስቀምጣል፤ በመሃል ኢንተራፕት ከመጣ ያ ዋጋ ይደመሰሳል። ከርነል ውስጥ ደግሞ ኢንተራፕት መቼም ይመጣል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው በእርግጥ ኮምፓይለሩ ነው። ሊኑስ እንደ ልማዱ ተሳደበ። ስድቡን ሁሉም ያስታውሳል፣ አሴምብሊውን ማንበቡን ግን የሚያነሳ የለም።

በሁለቱም ጊዜ ከርነሉ ነው የተበላሸው። ከላይ ብቻ አይታችሁ የማን ጥፋት እንደሆነ መለየት አትችሉም። «ኮምፓይለሩ ነው» የሚለው ሰው ገምቶ ቢያገኝ እንኳ አወቀ አይባልም፤ ሎተሪ ደረሰው እንጂ።

ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ እየሄደ ያለው ከርነል በየትኛው ኮምፓይለር እንደተገነባ እዩ። «ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ «ቨርዥን» የሚለው ፋይል ላይ ተጽፏል። ስንቱ ሰው አዲሱን ገነባሁ ብሎ የድሮውን እያስነሳ እንደሚጨቃጨቅ ብታውቁ! ቀጥሎ ኮምፓይለሩ ራሱ በግንባታ መሃል የሚወድቅ ከሆነ ደግማችሁ ገንቡ። በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ከወደቀ ራሙን ጠርጥሩ፤ ሜምቴስት አስነስታችሁ አሳድሩት። መብራት ጠፍቶ ግንባታው ከተቋረጠ ደግሞ ከዚያው አትቀጥሉ፤ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ሊኖር ስለሚችል አጽድታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ይህን ሁሉ ካለፈ ዋናው ሥራ ይመጣል። ያንኑ ኮድ በድሮውም በአዲሱም ኮምፓይለር፣ በሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ገንቡ። ኮንፊግ ፋይሎቹን አስተያዩ፤ ከርነሉ የኮምፓይለሩን አቅም እያየ አንዳንድ ምርጫዎችን በራሱ ይቀይራልና ሳታውቁት ሁለት የተለያየ ነገር እያነጻጸራችሁ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግማሹን ኦብጀክት ፋይል ከአዲሱ፣ ግማሹን ከድሮው ወስዳችሁ አገናኙና አስነሱት። ወደቀ? ጥፋቱ ከአዲሱ በወሰዳችሁት ግማሽ ውስጥ ነው። አልወደቀም? በሌላኛው። እንደገና ለሁለት ክፈሉ። ሁለት ሺህ ፋይል ቢኖር አሥራ አንድ ዙር ያህል ይበቃል፤ ይሄ ሎጋሪዝም ነው፣ «ምን ያደርግልናል» ስትሉኝ የነበረው ሎጋሪዝም! አንዷ ፋይል ስትቀር ኮዷንም አሴምብሊዋንም ታነባላችሁ። ኮዱ ከቋንቋው ሕግ ውጭ ከሆነ ኮዱን ታርማላችሁ። ሕጉን ጠብቆ ሳለ ትርጉሙ ከተበላሸ፣ አሁን ማስረጃ ስላላችሁ ያለ ሐፍረት «ኮምፓይለሩ ነው» በሉ።

«ቲቸር፣ ሥራ ቦታ ለዚህ ጊዜ የለም» የምትሉኝ አላችሁ። ገባኝ። የሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰርቨር ከወደቀ ዛሬውኑ ወደ ድሮው ኮምፓይለር ተመለሱ፤ መጀመሪያውንም የሙከራ ቨርዥን እዚያ ምን አገባው? ግን የተበላሸውን ግንባታ አትደምስሱት፤ ቅዳሜ ትመለሱበታላችሁ። ምክንያቱም በ«ተን» ዓይነት ጉዳይ ወደ ድሮው መመለስ ጥፋቱን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል። ከዓመት በኋላ ድሮ የምትሉት ኮምፓይለር ከስርጭት ይወጣል፣ ያ ኮድ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ደግሞ የሙከራ ቨርዥን የሚወጣው ሰው ሰብሮ እንዲያሳውቅ እኮ ነው። በነፃ ወስዳችሁ፣ ሰብራችሁ፣ ዝም ብላችሁ ፎርማት ካደረጋችሁ የሞከራችሁት ለማን ነው? ኮምፓይለሩ ሲወድቅ ራሱ ሪፖርት ላኩልኝ ብሎ አድራሻ ይጽፍላችኋል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ስሕተቱን የምታሳይ ሃያ መስመር ኮድ ከሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ትበልጣለች።

ያ ባለፈው ሳምንት ግሩፕ ላይ የጠየቀው ልጅ፣ ራስህን ታውቃለህ፣ ሁለቱን ግንባታ ሠርተህ የትኛዋ ፋይል ላይ እንደደረስክ ኮሜንት ላይ ጻፍልኝ። «ፎርማት አድርገው» የምትሉ ደግሞ ዛሬ እዚህ ኮሜንት አትጻፉ፣ አጠፋዋለሁ።